በአንድ ሣጥን የተቆለፈ ድምፅ

አደሴ ቂመኛ ሴት አይደለችም። ጎረቤት ቢያስቀይማት ሁለት ቀን ታኮርፍና በሦስተኛው ራሷ ሄዳ በር ታንኳኳለች። አንዲት ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆማ አልወርድ ብላታለች። ያለፈው ምርጫ ዕለት የመራጭነት ካርዷ በባሏ አጎት በአባባ ሮሪሳ ሣጥን ተቆልፎባት ዋለ። እሳቸው የሌላውን ሰው ካርድ በማለዳ አድለው፣ የእሷን ረስተው፣ ዱከም ቀብር ሄደዋል። ምርጫ ጣቢያው ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሦስቴም ያለ ካርድ አይሆንም ተብላ ተመለሰች። ለባሏ ለቀነኒሳ ስትነግረው፣ «ምን ያናድድሻል? እኔ መርጫለሁ አይደል? ቤቱ መርጧል» አላት። ያቺ «ቤቱ መርጧል» ናት አልወርድ ያለቻት።

የሣጥኑን ነገር ለማያውቅ ልንገር። የአደሴ ባል ዘመዶች ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት አቃቂ ዳር ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። መሬቱ ለመጋዘን ሲወሰድ፣ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ምትክ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ የቤቱን ካርታ፣ የልጁን የልደት ወረቀት ሳይቀር ለአባባ ሮሪሳ ይሰጣል፤ እሳቸውም በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፈው ይጠብቃሉ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው እኔ አላየሁም፤ አንዲት ወረቀት ጠፍታባቸው አታውቅም። የምርጫ ካርድ ሲመጣም ወረቀት ነውና እዚያው ገባ። የምርጫው ጠዋት ለየቤቱ አባወራ ያድላሉ፤ አብረውም ሽማግሌዎቹ የተስማሙበትን ምልክት ይናገራሉ።

ዘንድሮም ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው ቀነኒሳ የአደሴን ካርድ ሳይነግራት ወስዶ ሰጠ። ይህን የሰማች ዕለት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለጠያቂዎች ሳሙናና ዳቦ የምትሸጥበት ኪዮስክ ውስጥ ፊቷን አጥቁራ ተቀምጣለች። የሰኔ ዝናብ ድንገት ዘነበና ሁለት ሰዎች እየሮጡ ከቆርቆሮው ሥር ገቡ። አንዱ ካርድ ሰብስበው ሲመለሱ ሣጥናቸውን በጋቢ የሸፈኑት አባባ ሮሪሳ ናቸው። ሁለተኛዋ ከታክሲ የወረደችው ሌንሳ ናት፤ የዘመድ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ዘንድሮ የምርጫ አስፈጻሚ ሆና የተመደበች።

«አባባ፣ ጋቢዎን ለምን አይለብሱትም? ራስዎ እኮ ረጠበ» አለች ሌንሳ።

«ራሴማ ይደርቃል። ይሄ የሠላሳ ሰባት ሰው ካርድ ነው።»

«የሠላሳ ሰባት ሰው ድምፅ ይበሉኛ!»

«ድምፅማ አንድ ነው፤ አንድ ዘመድ አይደለን?»

«አይደለም፣ አባባ። ካርድ በባለቤቱ እጅ ነው መሆን ያለበት። ሥልጠናው ላይ በመጀመሪያው ቀን የተነገረን ይሄ ነው።»

«ሥልጠናው ላይ ወረቀት ጠፍቶበት ቤት ያጣ ሰው ነበረ?»

ሌንሳ ሳቀች። «አልነበረም።»

«በይ እንግዲያው ስሚኝ። እዚያ ኮንዶሚኒየም ያሉትን ተመልከቻቸው። በአንድ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ሰላም አይባባሉም። ባል አንዱን ይመርጣል፣ ሚስት ሌላውን። ተመራጩ ቃሉን ቢበላ ማን ተሰብስቦ ይጠይቀዋል? እኛ ግን ሠላሳ ሰባት ሆነን ስንነሳ ይሰማናል። የሰፈሩን መንገድ ማን አስጠረገው?»

«እርስዎ ነዎት፤ ማን ይክዳል! ይሄ ነገር ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ራሱ ፕሬዚዳንት በሚመርጥባቸው አገሮችም ብዙ ጊዜ ከተማው አንዱን፣ ገጠሩ ሌላውን ሲመርጥ ይታያል። እኛ የምንመርጠው የምክር ቤት ተወካይ ቢሆንም ነገሩ ይመሳሰላል።»

«ለምን ይመስልሻል? ከተሜው ብልጥ፣ ባላገሩ ሞኝ ሆኖ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ከተሜውን የቤት ኪራይ ያንገበግበዋል፣ ገበሬውን ማዳበሪያ። ችግሩ ከተለያየ ምርጫውም ይለያያል። ከተሜው ብቻውን ይወስናል፤ ባላገሩ ተማክሮ። መማከሩን እኔም እወደዋለሁ። ግን አባባ፣ እኛስ አሁን ማን ነን? የምናርሰው መሬት የለም። ጋሼ ቀነኒሳ ፋብሪካ ፈረቃ ይገባል፤ ወንድሜ ፊሮምሳ ባጃጅ ይነዳል፤ እትዬ አደሴ ይኸው ትነግዳለች። ሁላችንም የየራሳችን ጣጣ አለን። ካርዱ ግን አሁንም እንደ እርሻው ጊዜ አንድ ላይ ይታሰራል።»

አባባ ሮሪሳ አልተቆጡም። የእኚህ ሰው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ልጅ ስትናገራቸው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። አደሴ ግን ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አባባ፣ መንገዱ ሲጠየቅ ውሃ ማን ጠየቀ?»

«ውሃ?»

«አዎ፣ ውሃ! በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ቀኑን የምናውቀው ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው እኛ ሴቶቹ ነን። መንገዱማ ጥሩ ነው፤ ጀሪካኔን ተሸክሜ እሄድበታለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«የት ልንገርዎት? ስብሰባው የአባወራ ነው። ባለፈውማ ጭራሽ አልመረጥኩም፤ ካርዴ ከዚህ ሣጥን ውስጥ ነበር፣ እርስዎ ቀብር ነበሩ።»

ሽማግሌው የለስላሳ ሣጥን ስበው ተቀመጡ። «አምስት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበል? ቤቱ መርጧል ተባልኩ።»

«ወረቀት አይጠፋብኝም ብዬ ስኮራ ነበር እኮ!» አሉና ሣጥኑን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ። «ግን ሌንሳ፣ ከተበታተንን ማን ይሰማናል?»

«ለምን እንበታተናለን? ስብሰባውን ይጥሩ። ሴቱም ወንዱም ይምጣ፤ ተወዳዳሪዎቹም ሁሉ ይጠሩና ይጠየቁ። ከዚያ ምርጫ ጣቢያው መጋረጃ ውስጥ እያንዳንዱ ብቻውን ይግባ። እርስዎን ብቻ ማሳመን የሚበቃው ተወዳዳሪ ከእርስዎ ጋር ምሳ በልቶ ይሄዳል። ሠላሳ ሰባቱን ማሳመን ካለበት ግን የእትዬ አደሴንም ኪዮስክ ይፈልጋል።»

አባባ ሮሪሳ የሣጥኑን ጥቁር ቁልፍ ከአንገታቸው አወለቁ። «በይ አንቺው አድይልኝ።»

«እኔ አስፈጻሚ ነኝ፤ የሰው ካርድ አልነካም።»

«እንግዲያው አደሴ፣ ከስብሰባው ማግሥት አንቺ ታድያለሽ። ለባለቤቱ እንጂ ለአባወራው እንዳትሰጪ።»

እሑድ ስብሰባው ተደረገ። ሦስት ተወዳዳሪዎች ተጠርተው ሁለቱ መጡ። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከመካከላቸው ወርቅነሽ የምትባለው የውሃውን ነገር ስታነሳ ግን ጓዳው ሁሉ አፍ አወጣ፤ የክሊኒኩ፣ የጨለማው መንገድ፣ የባጃጁ ዋጋ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ይህን ያህል ችግር መኖሩን ሰምተው ተገረሙ። አንደኛው ተወዳዳሪ ቶሎ ቶሎ ቃል ገባ። ሁለተኛው የማያውቀውን አላውቅም አለ፤ ውሃው የሚመጣበትን ቀን ግን ጠይቆ ጻፈ። ዘመዱ ተከራከረ፣ ተሳሳቀ፣ ባልና ሚስትም በሰው ፊት ተለያዩ፤ ግን አብሮ ምሳ በላ። መማከር ሳይቀር ሰው ለራሱ መወሰን እንደሚችል ሰፈሩ በዓይኑ አየ። ከባላገሩ ምክክሩን፣ ከከተማው መጋረጃውን መውሰድ ማለት ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት አደሴ ኪዮስኳን ዘግታ ካርዶቹን ይዛ ወጣች። የራሷን አስቀድማ በመቀነቷ ቋጥራለች። ማንን እንደምትመርጥ ልቧ ቆርጧል፤ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ቢመርጥ ምንኛ በወደደች!

የመጀመሪያው በር የወርቅነሽ ነው። ባሏ እጁን ዘረጋ፤ አደሴ አልፋው ለወርቅነሽ ሰጠች። ወርቅነሽ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችና ጠጋ ብላ፣ «ታዲያ የትኛው ላይ ምልክት ላድርግ? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» አለቻት።

የተወዳዳሪው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ቃል ብትናገር ሃያ በር በእጇ ነው። አደሴ ዋጥ አደረገችው።

«እኔ የራሴን ነው የማውቀው» አለችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች።