መስኮት የማይደራረብበት ኮምፒውተር

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የምትተይብ ሴትዮና ኮምፒውተሯን የሠራላት ወጣት።

«ምን አደረግከው? ማውሱን ብጎትት ብጎትት መስኮቱ ንቅንቅ አይልም!»

«እትዬ፣ በቫይረስ ሞተ ብለው ሲያለቅሱ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩልዎ። ይሄ የመረጥኩልዎ ዓይነት በኪቦርድ ነው የሚታዘዘው። ትንሽ ይልመዱት።»

«እኔ ልልመደው ወይስ እሱ ይልመደኝ? አንድ ጽሑፍ ስከፍት ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል። ሁለተኛ ስጨምር እንደ ወራሽ እኩል ይካፈሉታል!»

«ጥሩነቱ እሱ አይደል? አንዱ ከአንዱ ኋላ አይደበቅም።»

«እሱ ነው ያቃጠለኝ! ትናንት ከሳሹ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ክሱን አሻሽሎ ሲያስተይብ፣ ገና ፍርድ ቤት ያልገባው የተከሳሹ መልስ ጎኑ ተዘርግቶልሃል።»

«እንዴ! ለሁለቱም ነው የሚጽፉት?»

«ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸዋ! በድሮው አንዱን ካንዱ ጀርባ አድርጌ በሰላም እኖር ነበር።»

«ሰውየው ተቆጣ?»

«ቢቆጣማ ይሻል ነበር። እስከ መጨረሻው አነበበና ‹እንግዲህ ክሱን እናስተካክለው› አለኝ። ተከሳሹ ይህን ከሰማ ሱቄ አለቀለት። ዛሬውኑ የድሮውን መልስልኝ!»

እኔም እሷው ዘንድ ላስተይበው የያዝኩትን ክስ አጥፌ ወደ ውስጥ ኪሴ ከተትኩት።