በዘንግ የሰሙት አቶ ጥሩነህ ተፈራ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ፣ ከዩኒየን ሲቲና ከኤል ሴሪቶ ሥራችሁን ጥላችሁ በሐዘናችን ከጎናችን የቆማችሁ ወገኖች፤ እኔ የወይዘሮ መንበረ ታናሽ ወንድም ፍቅሬ ነኝ። የአማቼን የአቶ ጥሩነህ ተፈራን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ ሲያዘኝ «አደራህን አታስረዝመው» ተብያለሁ፤ እሞክራለሁ። ነገር ግን በዚህ ሕይወት ውስጥ በዓይኔ ያየሁት፣ እስከ ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር አፌን የሚያስይዘኝ አንድ ነገር አለና፣ እዚያ ስደርስ ብዘገይ ታገሡኝ።

አቶ ጥሩነህ ተፈራ ከአባታቸው ከአቶ ተፈራ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በ1950 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። የከተማይቱ ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን አሸዋ ሆኖ ከርሞ ወንዝነቱ የሚታወሰው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ በመሆኑ፣ በኋላ ዘመናቸው ሐይቅ ለሐይቅ የዞሩት ሰው ልጅነታቸውን ሙሉ በሕይወት ያለ ዓሣ ሳያዩ ማደጋቸውን ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደ ደረሰም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ የአባታቸውን ፈለግ በመከተል በምድር ባቡር ጋራዥ ገብተው የብረታ ብረት ሙያ ተማሩ። በዚያም ጆሯቸው ተመሰገነ፤ ባቡሩ ከሩቅ ሲመጣ የትኛው ጎማ እንዳኮረፈ ቆመው የሚለዩ ሰው ነበሩ ይባላል።

በ1987 ዓ.ም. ከእኅቴ ከወይዘሮ መንበረ ጋር በሕግ ተጋብተው ጥቂት ዓመታት እንደኖሩ የዲቪ ዕጣ ወጥቶላቸው ወደ ኦክላንድ መጡ፤ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ሳለ እግዚአብሔር ሐኒን ሰጣቸውና ቤታቸው በአንድ ልጅ ሞላ። አቶ ጥሩነህ ሳን ሊያንድሮ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ሠርተዋል። በሁሉ ነገር ታዛዥ ሠራተኛ ሲሆኑ በአንድ ነገር ግን አለቆቻቸውን እንቢ አሉ፤ ጆሮ መሸፈኛ አድርግ ሲባሉ ሰው ዞር ሲል ያወልቁት ነበር። ማሽን ሲታመም የሚታወቀው በድምፁ ነው፣ ጆሮዬን ከሸፈንኩ በምን አዳምጠዋለሁ ባይ ነበሩ። ማሽኖቹን አዳኗቸው፤ ጆሯቸው ግን ሄደ።

በ2009 ዓ.ም. ገደማ የአቶ ጥሩነህ ጆሮ ፈጽሞ ተዘጋ። የመስሚያ መሣሪያም ተሞክሮ ፉጨት እንጂ የሰው ድምፅ ሊያመጣላቸው አልቻለም፤ ሐኪሞቹም ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብለው አሰናበቷቸው። ያ ጨዋታ አዋቂ ሰው «ሰው ጆሮዬ ሥር እየጮኸ ለምን ይድከም» በማለት ከሠርጉም፣ ከዕድሩም፣ ከክርስትናውም አንድ በአንድ ቀሩ። ቤታቸው ስንሄድ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፣ ስንስቅ ዘግየት ብለው ይስቃሉ፤ ያቺ ዘግይታ የምትመጣ ሳቃቸው አንጀቴን ትበላው ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ከልጃቸው ጋር የሆነው ነው። ሐኒ እዚህ እንደ ተወለዱት ብዙዎቹ ልጆቻችን አማርኛውን ትሰማለች እንጂ መልሷ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። አቶ ጥሩነህ የእኅቴን ከንፈር እያዩ አማርኛውን ግማሽ በግማሽ ይይዙት ነበር፤ የልጃቸው እንግሊዝኛ ግን ከከንፈሯ አልለቀም አላቸው። እሷም አባቷን ላለማጣት አማርኛ በላቲን ፊደል እየጻፈች በስልክ «አባዬ ኦኬይ ነህ? ምሳ በላህ?» ትላቸው ጀመር። አንድ ቀን መልእክቷን አሳይተውኝ «ገብቶኛል፤ ግን አልተሰማኝም» አሉኝ። በቋንቋችን ጆሮም ይሰማል፣ እጅም ይሰማዋል፣ ልብም ይሰማዋል፤ የትኛውን ማለታቸው እንደነበረ እስከ ዛሬ አስባለሁ። በአባትና በልጅ መካከል በፍቅር የተሞላ ዝምታ ገባ፤ ፍቅሩ መኖሩ ዝምታውን ቀላል አላደረገውም።

በዚህ ጊዜ ነው ዛሬ ከፊት ወንበር የማያቸው ወዳጃቸው ጋሽ ጃብር «ዓሣ ጆሮ አይጠይቅም» ብለው ሌክ ቻቦ ወደተባለው ሐይቅ የወሰዷቸው። ጋሽ ጃብር የምጽዋ ልጅ ናቸው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ባሕሩን በእጅ ክር ያጠመዱ ሰው በመሆናቸው የአሜሪካኑን ዘንግ መጀመሪያ ላይ ይንቁት ነበር። ለአማቼ የሰጧቸውም ዘንግ የመጥረጊያ እንጨት የሚያህል ነበርና፣ አቶ ጥሩነህ ውኃ ዳር ሲውሉ ውለው ምንም ሳይሰማቸው ተመለሱ። የሚገርመው ግን በማግስቱም መሄዳቸው ነው።

ቀስ በቀስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባስ የሚባለውን ዓሣ በጎማ ትል ማጥመድ ተማሩ። ትሏ ልፍስፍስ ያለች በመሆኗ ስሟን «ለስላሳ» አሏት፤ በዚህም ምክንያት አንድ ቀን አቶ ጥሩነህ «ለስላሳውን በቦርሳዬ ክተችልኝ» ብለው ሲያዟት እኅቴ ኮካ ኮላና ስፕራይት ሞልታ ሰደደቻቸው፤ ያን ዕለት ዓሣ ሳይነኩ ለስላሳ ሲጠጡ ውለው መጡ። ያጠመዱትንም መልሰው ወደ ውኃው መልቀቃቸውን ስታውቅ «በጾሙም በፍስኩም ባዶ እጁን የሚመለስ አጥማጅ ያገባሁ እኔ ብቻ ነኝ» ትል ነበር። አቶ ጥሩነህ ግን የሚፈልጉት ዓሣውን አልነበረም። ባስ ትሏን አይነጥቅም፤ ከውኃው ጋር ሳብ ያደርጋትና ካልጣመችው ወዲያው ይተፋታል። በዚያች ቅጽበት በክሩ ላይ የምትመጣው ምልክት ዓይን አያያትም፤ እጅ ብቻ ያውቃታል። ጆሯቸው የተዘጋ ሰው ይህችን ምልክት ሲያገኙ ፊታቸው እንዴት ይበራ እንደነበር ጋሽ ጃብር ይመስክሩ።

ስለ ዘንግ አመራረጥ ሳልጠይቃቸው ያስተማሩኝን ላንብብ። ዘንግ የሚመረጠው ለሚይዙት ዓሣ ትልቅነት ሳይሆን ለሚወረውሩት ነገር ቀላልነት ነው ይሉ ነበር። ትሏ ቀላል፣ ትሏን የምታሰምጣት እርሳስ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ክሩም ቀጭን ነውና፣ ወፍራም ዘንግ ይህን ሁሉ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ አርቆ አይወረውረውም፣ ምን እንደ ነካውም አይናገርም። እጅግ የላላ ዘንግ ደግሞ መንጠቆውን ለመትከል ወገብ ያጣል። ስለዚህ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚረዝም፣ ሲይዙት የማይከብድ፣ ጫፉ እሺ የሚል ወገቡ እንቢ የሚል ዘንግ ይፈለጋል። እኔም «የሚመርጡት ሚስት ነው ወይስ ዘንግ?» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሳሳያቸው፣ «ሚስትማ አንድ ጊዜ ነው የተመረጠችው፣ ዘንግ ግን ይሰበራል» አሉኝ።

እውነትም ተሰበረ። ባለፈው ዓመት መጋቢት የሚወዱት ዘንግ በሐኒ መኪና በር ተቆልፎበት ጫፉ ቀረ። የልብ ሕመማቸውም በዚያው ሰሞን ተገኝቶ ነበርና፣ ሐኒ «አጎቴ፣ ፕሊስ፣ ዛሬውኑ እንሂድ፣ አዲስ እንምረጥለት» ብላ አስቸኮለችኝ፤ ሦስታችን ወደ ሳን ሆዜ፣ ወደ አንድ የማጥመጃ ዕቃ መደብር ሄድን። ሐኒ ለሽማግሌው ሻጭ አባቷ እንደማይሰሙ ስትነግረው፣ ሰውየው ዋጋም ስምም ሳይጠራ አንድ ዘንግ አወረደና እጀታውን ለአማቼ አስያዘ። ከዚያም የዘንጉን ጫፍ በራሱ ጉሮሮ ላይ ቀስ አድርጎ አሳርፎ ማንጎራጎር ጀመረ። የዘንግ ጥራት በዚህ ይፈተናል፤ ጥሩው ዘንግ የጉሮሮን ንዝረት እስከ እጀታው ያደርሳል አለን። አቶ ጥሩነህ እጃቸውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ልጃቸው አዞሩት።

ሐኒ አፍራ ዙሪያዋን ተመለከተች። ጫፉን በጉሮሮዋ ላይ አደረገችና በቀስታ አንድ ነገር አለች፤ አባቷ «የለም» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ዘንግ ወረደ፣ ያም ዝም አለ። ሌላም ተሞከረ፤ ከእሱ ጥቂት ነገር መጣ መሰለኝ፣ ግንባራቸው ተቋጠረ። ከዚያ ሻጩ ከጥግ አንድ ጥቁር ቀጭን ዘንግ አመጣ። ሐኒ መናገር ስትጀምር አማቼ እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ የማይሰማ ሰው የድምፁን ልክ አያውቅምና፣ ያ ሰፊ መደብር እስኪያስተጋባ ድረስ «ተሰማኝ!» ብለው ጮኹ። ሐኒ «ዌይት፣ ምን አልኩ?» ብላ በከንፈሯም በእጇም ጠየቀቻቸው። «እሱን አላውቅም፤ አንቺ መሆንሽን ነው» አሏት።

እኔ በባሕርዬ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ተአምር ተደረገ ሲሉኝ ማን አየ የምል ነኝ። ያን ቀን ግን አየሁ። ሐኒ ዘንጉን ከጉሮሮዋ ሳታነሣ ማውራቷን ቀጠለች፤ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም እየቀላቀለች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ በዝምታው ዓመታት ያላወራችውን ሁሉ አወራች። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፤ ሻጩ ባርኔጣውን አውልቋል። የአባትና የልጅ ነገር ነውና እኔ ወደ መንጠቆው መደርደሪያ ዞሬ ቆምኩ፤ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፣ አልጠይቃትምም።

ከዚያ በኋላ ዘንጉ ሐይቅ ከወጣበት ቀን ሳሎን የዋለበት ይበልጣል። ሐኒ በርክሌ ከምትሠራበት ሆስፒታል ስትወጣ በቀጥታ ወደ አባቷ ትመጣና ጫፉን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ የዕለቱን ወሬ ታወራቸው ነበር። ጋሽ ጃብርም ዕድላቸውን ሞከሩ፤ «አንተ እንደ ናፍጣ ሞተር ነህ» ተባሉ። እኅቴ «ዘንግ አንገቴ ላይ? ወግድልኝ!» ብላ ብዙ ካንገራገረች በኋላ በትንሣኤ ዕለት እሺ ብላ በእልልታ ብታቀልጠው፣ አቶ ጥሩነህ ዘንጉ ከእጃቸው ሊያመልጥ ሲል ለጥቂት ያዙት። ያን ዕለት ሳቃቸው ከእኛ ሳቅ እኩል መጣ። ወደ ዕድሩም፣ ወደ ማኅበሩም ተመለሱ፤ ከሰው መካከል የጠፉት አቶ ጥሩነህ ከሰው መካከል ተገኙ።

የልብ ሕመማቸው እየጠና ሲሄድ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ኦክላንድ በሚገኝ ሆስፒታል ተኙ። ሐኒ ዘንጉን ይዛ ብትሄድም እጃቸው እጀታውን ለመያዝ አቅም አጥቶ ነበር። በእኛ ወግ ልጅ የአባቷን እጅ ትስማለች እንጂ፣ የአባትን እጅ በአንገቷ ላይ አታሳርፍም፤ ስለዚህ ነው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለማናችንም ይህ ነገር ያልታየን። ዘንጉ ባይመራን ኖሮ ያን አጭር መንገድ አናገኘውም ነበር። ሐኒ የአባቷን መዳፍ አንሥታ በጉሮሮዋ ላይ አሳረፈችና እየተናገረች ተቀመጠች። ዓይናቸው ተከድኖ ሳለም ጣታቸው የምትናገርበትን ቦታ አልለቀቀም። ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ልጃቸው እያወራቻቸው፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ጥሩነህ ተፈራ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መንበረን፣ ልጃቸውን ሐኒን፣ በድሬዳዋ የሚኖሩትን እኅታቸውን ወይዘሮ የሺእመቤትን፣ ወንድም ያህል የሆኗቸውን ጋሽ ጃብርን እና አማች ብቻ አድርገው ያላዩኝን እኔን ትተው ሄደዋል። ጆሮን የፈጠረ አምላክ፣ የለመኑትን ሁሉ ሳይሰለች የሚሰማ እርሱ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ በዕረፍት ያኑርልን፤ ለእኅቴና ለሐኒም መጽናናትን ያውርድልን። አሜን።

የቤተሰቡን አንድ ልመና ተናግሬ ልቀመጥ። ልትሰናበቷቸው በሣጥኑ አጠገብ ስታልፉ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ እንጨቱን በመዳፋችሁ ንኩና ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንድ ነገር በሏቸው፤ ማንም አያፍር። የሚጀምረው ከልጃቸው ነው። ሐኒዬ፣ ነይ።