የኔታ ያዳመጡት ፕሮግራም

ደብረ ማርቆስ ከጓደኛዬ ከይበልጣል ጋር ለአንድ መድኃኒት ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሠራን ነው። ነገ ልናስረክብ ዛሬ ይበልጣል «የጻፍከውን ልየው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «ካላመንከኝ ምን አብሮ አሠራን!» ብዬ አኩርፌያለሁ። ጭቅጭቃችንን ሰምተው አከራያችን የኔታ ብቅ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «ምነው ልጄ? እኛ ዘንድ ተማሪ አስቦ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሳይነግር ማኅሌት ገብቶ አይቀኝም። በል፣ ለእኔ ንገረኝ» አሉ። «የኔታ፣ ይኼ እኮ የኮምፒውተር ነገር ነው» ብላቸው፣ «ጆሮስ አለኝ!» ብለው ቁጭ አሉ።

ምን ላድርግ? መንገር ጀመርኩ። «ባለ መድኃኒት ቤቱ ይቺን ቁልፍ ሲነካ መድኃኒቱ ከመዝገብ ይጠፋል…» ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። «ሳያስበው ቢነካትስ? መመለሻው የት ነው?»

መመለሻ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ይበልጣል ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የኔታ ግን አልሳቁም፤ «አይዞህ፣ እኔንም መምህሬ ስንቴ መልሰውኛል መሰለህ!» ብለውኝ ወጡ። ላፕቶፑን ወደ ይበልጣል አዞርኩና «በል ና፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አልኩት። ሌላ አራት ስህተት አገኘብኝ፤ ደግነቱ የኔታ ዘንድ ሄዶ አላሳበቀብኝም።