የዴሊያ ባዶ ሳጥን

«ልጄ፣ ባዶ ነው! ባዶ ሳጥን ነው የሸጡልሽ!»

ሚሎ ኩቸራ ይህን ያሉት በመኪና ማቆሚያው መካከል ቆመው፣ ትልቁን ካርቶን በሁለት እጃቸው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲመዝኑ ነበር። ወደ ከርኒ ከተማ የመጡት ለሣር ማጨጃቸው ሞተር ቺንጋ ሊገዙ ነው። የልጅ ልጃቸው ዴሊያ ከመንገዱ ማዶ ካለው የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ካርቶን ታቅፋ ስትወጣ ያዩዋት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። አያት ናቸውና ሊያግዟት ተቀበሏት፤ ሲቀበሏት ግን ካርቶኑ እንደ ገለባ ቀለለባቸው። ኮምፒውተር የሚያህል ነገር እንዲህ ሊቀል አይችልም። ልጅቷ ተታላለች ማለት ነው።

«ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ታውቂያለሽ? እያወቅሽ ነው ገንዘብሽን ያስረከብሽው? ነይ ተከተይኝ፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ!»

ሽማግሌው ካርቶኑን እንደ ጋሻ ይዘው ወደ መደብሩ በር ሲገሰግሱ ዴሊያ ሮጣ ፊታቸው ቆመች።

«አያሳፍሩኝ እንጂ! ይሄ ኬዙ ነው፤ ቤቱ ማለት ነው። የውስጡን ዕቃ ለየብቻ ገዝቻለሁ። እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«በእነዚህ እጆች?»

«እነዚህ እጆች ሐምሌን ሙሉ የበቆሎ አበባ ሲነቅሉ ‹በእነዚህ እጆች?› ያለ ሰው አልነበረም።»

መልሱ እውነት ነበር። ዴሊያ ዘንድሮ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ሥራዋ ኦማሃ ከተማ ስለሆነ ልጅቷ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። በሐምሌ ገና ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ እየተጫነች፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ቆልፋ፣ ፊቷን የበቆሎ ቅጠል እየላጨው ለዘር በሚለማው በቆሎ መካከል ከረድፍ ረድፍ የወንዴ አበባውን ስትነቅል ከርማለች። ለኮምፒውተሩ ያዋለችው ሰባት መቶ ዶላር የመጣው ከዚያ ነው። ሚሎ በወጣትነታቸው ይህንኑ ሥራ ሠርተዋልና የዚያን ገንዘብ ክብደት ከማንም በላይ ያውቁታል። ቁጣቸውም ከንፉግነት ሳይሆን ከዚሁ ነበር።

የሣር ማጨጃው ቺንጋ ተረሳ። ሁለቱም ፒክአፑ ውስጥ ገቡ፤ ክርክሩም አብሯቸው ገባ።

«ስሚኝ» አሉ ሚሎ መሪውን ጨብጠው። «ያን ትልቁን መደብር ታውቂዋለሽ? እዚያ የጨዋታ ኮምፒውተር ተገጥሞ፣ ተፈትኖ፣ ዋስትና ተጽፎለት ተደርድሯል። ዋጋውም ይኸው ያንቺው ነው። መብራቱ እንኳ እንደ ገና ዛፍ ቦግ እልም ይላል። ያለቀለት እያለ ምን አደከመሽ?»

«መብራቱ ምን ያደርግልኛል? ለመብራቱ ነው እንዴ የሚያስከፍሉት?»

«ያምራላ!»

«አባባ፣ እርስዎ ትራክተር የሚገዙት በቀለሙ ነው?»

ሚሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያንን የሚሉትን ኮምፒውተር ከፍቼ አይቼዋለሁ» አለች ዴሊያ። «ማለቴ የከፈቱትን ሰዎች ቪዲዮ አይቻለሁ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለት ኤሌክትሪኩን ለሁሉም የሚያከፋፍለው፣ ያገኙትን ርካሽ ነው የገጠሙበት። ሜሞሪው ሁለት መሆን ሲገባው አንድ ነው። አንድ በሬ እንደ መጥመድ ማለት ነው፤ ይሄዳል፣ ግን ያዘግማል። ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርዱ ደግሞ የራሳቸው ልክ ስለሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ነገር ልቀይር ብል የሌላ ፋብሪካ ዕቃ አይገጥምለትም። ሲያረጅ ሁሉም አብሮ ይጣላል።»

«ዋስትናስ? አንቺ ብታበላሺው ማን ዋስ ይሆንሻል?»

«እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ዋስትና አለው። የእነሱ አንድ ዓመት ነው፤ የእኔ ፓወር ሰፕላይ ብቻውን አምስት ዓመት አለው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

«እኔ ግን ተቀምጬ ነው የታጠቅሁት። ከጥር ጀምሮ እያነበብኩ ነው።»

እንግዲህ የሰው ነገር ይገርማል። ሚሎ ኩቸራ ይህን ምክር የሚለግሱባት ፒክአፕ ሞተሯ ከአንድ የተገለበጠ መኪና፣ በሮቿ ከሌላ፣ መቀመጫዋ ከሦስተኛ የመጣ ነበረች፤ የገጠሟትም ራሳቸው ናቸው። ግን ሰው የራሱን ድፍረት ብልሃት ይለዋል፣ የልጁን ድፍረት ደግሞ ጥጋብ። ዴሊያም ይህን ሳትል አላለፈችም።

«የተቀመጥንበት ነገር ከስንት መኪና ነው የተሠራው?»

«ይሄ ሌላ ነው! ሞተር ሲታመም ያስላል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ይተፋል፤ በሽታውን ይነግርሻል። ያንቺ መጫወቻ ግን ዝም ነው የሚለው። ዝም የሚል ነገር እኔ አልወድም።»

«እኔንም ዝም ስል አይወዱኝም፤ ስናገርም አይወዱኝም።»

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ዋናው ነገር ተነሳ። ዴሊያ ለትምህርት ቤቷ የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድን ተመርጣለች። አሠልጣኙ ግን ቤቱ የሚለማመድበት ኮምፒውተር የሌለውን አልቀበልም ብሏል። አያት የሚፈርሙበት ወረቀትም አለ። ወረቀቱ ከግንቦት ጀምሮ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ፊርማ ይጠብቃል።

«እንዋዋል» አሉ ሚሎ የቤታቸውን አጥር ሲያልፉ። «እስከ እሑድ ምሳ ገጥመሽ ምስሉን ካሳየሽኝ እፈርማለሁ። ካልሆነ ግን ሱቁ የሚቀበልሽን ትመልሺና እኔ ያልኩሽን ኮምፒውተር ትገዢያለሽ። የዘንድሮው ቡድንም ይቅር። ማሽን እንኳ ያላወቀ ልጅ ለውድድር ምን ይቸኩላል?»

«እስማማለሁ። እርስዎም ‹መጫወቻ› የምትለውን ቃል ይተዋሉ።»

«እሱን እሑድ እናያለን።»

ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተጠርጎ ዕቃዎቹ ተደረደሩ። ሚሎ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ማዶ ተቀመጡ፤ ያው አንድ ገጽ ግን ለሁለት ሰዓት አልተገለጠም። ዴሊያ ከሁሉ በፊት የኬዙን ብረት በመዳፏ ነካች።

«ምን፣ ትባርኪዋለሽ?»

«ሰውነቴ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያቃጥለው ነው።»

ሚሎ ሊያሾፉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙ። በደረቁ የብርድ ወራት ቤንዚን ከመቅዳታቸው በፊት የመኪናቸውን ብረት ሳይነኩ ቀርተው አያውቁም። «እሱስ ደግ ነው» አሉ ከጋዜጣው ጀርባ ሆነው።

ፓወር ሰፕላዩን አንስተው በመዳፋቸው መዘኑት። «ይሄ እንኳ ክብደት አለው። ግን ለዚህ ሰማንያ ዶላር? ኬዝ ውስጥ ለሚደበቅ ነገር? ማን ያየዋል?»

«የመስኖውን ፓምፕ ሽቦ ወፍራሙን የገዙት ሰው እንዲያየው ነበር?»

«እሱ ከቀጠነ ሞተሩን ይበላዋል።»

«ይሄም ያው ነው።»

ጋዜጣው ተዘረጋ። የእኚህ ሰው መሸነፍ እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም።

ምሳ ሲሆን በጎመንና በሥጋ የተሞላውን ዳቦ አሙቀው ሰጧት፤ በአንድ እጇ እየገመጠች በሌላው መመሪያ ገለጠች። ሚሎ በዕቃ መግዣ ዝርዝሯ ላይ ከሁሉ ትልቁ ዋጋ የተጻፈበትን ዕቃ ጠየቁ። ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ የጨዋታውን ምስል የሚስለው። እሱን ብቻ አሮጌ ነበር የገዛችው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ከተማውን ከሚለቅ ተማሪ።

«ያገለገለ! የሰው ትራፊ!»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጨዋታ አስከፍቼ፣ ሙቀቱን አይቼ፣ ፋኑን ሰምቼ ነው የገዛሁት። እርስዎ በሬ ሲገዙ ጥርስ አያዩም?»

«በሬ ገዝቼ አላውቅም።»

«እሺ፣ ትራክተር።»

«ትራክተር ጥርስ የለውም» አሉ ሚሎ። ዳቦዋ ላይ ግን ሰናፍጭ ጨመሩላት።

የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነውን ፕሮሰሰር ስትመርጥ ደግሞ ሃያ ዶላር ቆጥባ ነበር። ራሱ ምስል መሳል የሚችለው ዓይነት አለ፤ የማይችለውም አለ። ካርዱ ከሳለ ለምን ሁለት ሠዓሊ እቀጥራለሁ ብላ የማይስለውን ያዘች። ያንን ሃያ ዶላር ወደ ሜሞሪው አዞረችው። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ ኩራቱ ነገ ምን እንደሚያሳያት ግን አላወቀችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ጠረጴዛው ዘንድ ቆሙ። ምጣዱ ላይ ዶሮ ይጠበሳል። ዴሊያ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነች።

ፋኖቹ ዞሩ። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነበር። አጠፋች፣ አበራች። ጥቁር። ሜሞሪዎቹን አውጥታ መልሳ ሰካች። ጥቁር። የፓወር ሰፕላዩን ገመዶች አንድ በአንድ ጫነች። አሁንም ጥቁር።

«እንግዲህ» አሉ ሚሎ። ድምፃቸው ግን እንዳሰቡት የደስታ አልሆነም። «አልነገርኩሽም?»

«ምሳ ገና አልቀረበም።»

«ዴሊያ...»

«ምሳ አልቀረበም አልኩ! ዶሮው ይብሰል። እስኪበስል አልሸነፍም፤ ከበሰለም በኋላ ተሸነፍኩ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። ዕቃውን እመልሳለሁ፤ ቡድኑም ይቅር። የሚቀጥለው ሐምሌ ግን በቆሎው ዘንድ ነኝ፤ በነሐሴም ይኸው ጠረጴዛ ላይ ነኝ።»

ጉንጯ ቀልቷል፤ እንባዋ ግን አልወጣም። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ አባታቸው «አይነሳም፣ ለቆራሌው ስጠው» ያሉትን ሞተር ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም የነበረውን ልጅ፣ ራሳቸውን፣ ያዩ መሰላቸው። ምድጃው ዘንድ ሄደው የዶሮውን እሳት ቀነሱ።

«እስኪ ንገሪኝ» አሉ ሲመለሱ። «ሞተሩ ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«ሞተሩ እየዞረ ማሳው ላይ ውኃ ካልመጣ፣ ሞተር አትፈቺም። ከደረቀው ማሳ ጀምረሽ ቧንቧውን ወደ ኋላ ትከተያለሽ።» ጣታቸውን ጥቁሩ ስክሪን ላይ አደረጉ። ከስክሪኑ የወጣውን ገመድ በጣታቸው እየተከተሉ ጠረጴዛውን አቋርጠው ወደ ኬዙ ጀርባ ዞሩ፣ መነጽራቸውንም ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ይሄ ከላይ ነው የተሰካው። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ሠዓሊሽ ግን ከታች ነው። የእሱም ቀዳዳ እዚህ አለ፤ ባዶውን። የላይኛው የማን ነው?»

ዴሊያ ወደ ኬዙ ጀርባ ጎንበስ አለች። የላይኛው የማዘርቦርዱ ነው፤ ምስሉን የሚያገኘው ከፕሮሰሰሩ ነው። የእሷ ፕሮሰሰር ደግሞ፣ ትናንት በኩራት እንደ ተናገረችው፣ አይስልም። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚገጥሙት ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህንኑ ነው፤ እሷም በሌሎች ላይ ስቃበታለች። ገመዱን ነቅላ ከታች ካርዱ ላይ ሰካችው።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ጽሑፍ መጣ፤ የዕቃዎቹ ስም አንድ በአንድ ተዘረዘረ። ዴሊያ ጮኸች። ሚሎም ጮኹ፤ በኋላ ግን አልጮኽኩም ብለዋል።

ዶሮው ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። ሚሎ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንስተው ፈረሙና እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አንድ ነገር ልበል» አሉ። «ያ ያልኩሽን ኮምፒውተር ገዝተሽ ዛሬ ጥቁር ቢሆን ኖሮ፣ አንቺም እኔም ጀርባውን ለማየት እንፈራ ነበር። ጭነን እንወስደዋለን፤ ‹ከሦስት ሳምንት በኋላ ኑ› ይሉናል። ቡድንሽ ልምምዱን ይጀምራል፤ አንቺ ቤት ትቀመጫለሽ። አሁን ግን ጥፋቱን በአንድ ገመድ አገኘነው፤ የገጠምሽው አንቺው ስለሆንሽ። በሚያበራው መብራት ፈንታ በማይታየው ላይ ገንዘብሽን አዋልሽ፤ እኔ ለፓምፑ ያደረግሁትን ነው ያደረግሽው። ነገ አንዱ ቢሞት አንዱን ትቀይሪያለሽ፤ ሁሉን አትጥዪም። እኔ እኮ ያለቀለት ግዢ ስልሽ እንዳትታለዪ ነበር። ለካ ሰው የሚታለለው ውስጡን በማያውቀው ነገር ነው።»

ይህን የሚያነብ ወላጅም ልብ ይበል፤ ልጁ ያለቀለት ነገር ሲለምነው ገንዘብ ይሰጣል፣ ልጁ በገዛ እጁ ልሥራ ሲለው ግን ምክር ይሰጣል። መገልበጥ አለበት። ልጅ የሚሠራው ነገር አንድ ቀን ጥቁር ይሆንበታል፤ ያን ቀን ምድጃው ዘንድ ሄዶ እሳቱን የሚቀንስለት ሰው ካገኘ ይበቃዋል።

ዴሊያ የኬዙን የጎን መዝጊያ ሳትገጥም፣ በውስጡ ያለውን ክፍት ቦታ በሹካዋ እያመለከተች ታስረዳ ጀመር። እዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ማከማቻ ይገባል፤ እዚህ ተጨማሪ ፋን፤ ካርዱም ከበድ ባለ ሲቀየር እስከዚህ ድረስ ይረዝማል።

ሚሎ ጎንበስ ብለው ውስጡን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ግማሹ አሁንም ባዶ ነው እኮ» አሉ። «ተመልሰን ግማሽ ዋጋውን እንጠይቃቸው?»