ለሾፌሩ አጥልቅለት

የያዝኩት የአንጎል ሞገድ የሚለካ ኮፍያ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለነው የዩኒቨርሲቲው መሐንዲሶች ሠርተነዋል፤ ደሴ ያሉት ሐኪሞቻችን ሊሞክሩት ይጠብቃሉ። ሽቦው እንዳይበጠስ ታቅፌው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ሾፌሩ በየኩርባው ሲያበረን እኔ ለኮፍያው፣ ሌላው ለነፍሱ ይጨነቃል። አጠገቤ ያሉ አሮጊት፣ "ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ሰው መንቃቱንና ማንቀላፋቱን የሚለይ ነው፣ እናቴ።"

"እንግዲያማ በአላህ ለሾፌሩ አጥልቅለት! እንዲህ የሚያበረን ነቅቶ ይሁን ተኝቶ እንወቅ!"

ሳቁ መኪናውን ሞላው። ሾፌሩ በመስታወት ኮፍያውን አየት አደረገና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ እስከ ደሴ ድረስ ሙሽራ እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ።

ሲጠብቁኝ ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ገና ከበር ላይ፣ "ይሠራል?" አለኝ።

"ኧረ ሳይጠለቅም ይሠራል!" አልኩት።