በአገልግል የተጓዘች በሽተኛ

ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መንገድ ላይ ከማን ጋር እንደሚገጥም ቢያውቅ ኖሮ ግማሹ ተመልሶ ይተኛ ነበር። አያ ቢተውም በዚያች የግንቦት ቅዳሜ ከስሜነሽ ጋር እንደሚገናኙ ቢያውቁ በሌላ መንገድ በዞሩ።

አያ ቢተው ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከእርሻቸው ሌላ የታመመ ከብት በጋለ ብረት በመተኮስ የታወቁ ነበሩ። አንካሳም ይሁን ሳል፣ የሆድ ንፋትም ይሁን ዓይነ ማዝ፣ መድኃኒቱ ያው አንዱ ብረት ነው። የዳነ ከብት «ብረቱ አዳነው» ይባላል፤ የሞተ እንደሆነ «ቀኑ ደርሶ» ይባላል። እንዲህ ባለ ሒሳብ ማን ይረታል?

የዚያን ቀን ግን የሚነዱት የገዛ በሬያቸውን ቡሬን ነበር። ቡሬ ሳምንት ሙሉ ሣር አልቀመሰም፤ ለሃጩ ብቻ ይዝረበረባል። ጉንጩን ሁለት ጊዜ ተኩሰውት ስላልዳነ፣ ሳይሞትባቸው ለከተማው ሉካንዳ ሊሸጡት ነው። ክረምት በር ላይ ቆሞ የእርሻ በሬ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ አይነገርም።

የጎረቤታቸው የአቶ ታረቀ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ስሜነሽ፣ አገልግል አንጠልጥላ ከኋላ ደረሰችባቸው።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ቢተው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንችስ እንዴት አደርሽ?» ዓይናቸው አገልግሉ ላይ ቀረ። «ስንቁ ለማን ነው? እኔም እኮ እህል ሳልቀምስ ነው የወጣሁ።»

«ይኸንንስ እርስዎ አይቀምሱትም።»

«ጾም የለ፣ ምን የለ! ምኑን ነው የማልቀምሰው?»

ስሜነሽ ክዳኑን ገለጥ ስታደርገው ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ አሉ። አያ ቢተው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተው አማተቡ።

«በስመ አብ! ጥንቸል! በአገልግል! ክርስቲያን በሚበላበት ዕቃ!»

«አይቆጡ፣ ቆዳው የተቀደደ አሮጌ ነው፤ እናቴ ፈቅዳልኛለች። ስሟ ባዘቶ ነው። ነጭነቷን አያዩም? የተባዘተ ጥጥ እኮ ነው የምትመስል። ወደ አገሯ የተመለሰች ፈረንጅ አስተማሪያችን ናት የሰጠችኝ። ሦስት ቀን ምንም አልበላችም። ሐኪሙ ዛሬ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ እስከ ሰኞ ደግሞ አትቆይልኝም።» ጣቷን ሰድዳ የባዘቶን ጆሮ አሻሸች።

«ሐኪም? ለጥንቸል? ኧረ የዘመን መጨረሻ! ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ርኩስ ናት ሲል መጽሐፉ አልሰማሽም?»

«እኔ ልበላት መሰልዎ? በቅሎስ ትበላለች? ደብተራውም ዳኛውም በላይዋ ተቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ የለም እንዴ?»

አያ ቢተው ቡሬን በጅራፉ ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ይሁን፣ ከሞት ላድንልሽ» አሉ ቀጥለው። «ብረቱ ከወገቤ አይለይም። ከዚያ ጎጆ እሳት ለምነን ግንባሯን ነካ ላድርግልሽ።»

ስሜነሽ ክዳኑን ጥርቅም አደረገችው። «ይህችን? ከብረቱ እኮ የእሷ ክብደት ያንሳል! ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብረቱ ቡሬን አድኖት ነው ወደ ሉካንዳ የሚነዱት?»

«አፍሽን ያዥ! የሐኪም መርፌ ላም ያስጨነግፋል።»

«የጨነገፈች አይተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎ። አምና የከብት ወረርሽኝ ገብቶ ከታቢዎቹ ሲመጡ፣ እርስዎ ከብትዎን ገደል ሥር ደበቁ።»

«ባዳ ቆጥሯቸው ዓይን ይብላቸው?»

«ጎረቤታችን ጋሽ ደምለው ግን አስከተቡ። የእርሳቸው ሁሉም ተረፉ፤ የእርስዎ ሦስት ሞቱ።»

«ደምለው ለሚካኤል ጃንጥላ ተስሎ ነው የተረፉለት!»

«እርስዎስ አልተሳሉም ነበር?»

«ተስያለሁ እንጂ!»

«ታዲያ ሚካኤል የሁለታችሁንም ስለት ሰማ፤ ከታቢውን ላከላችሁ። ጋሽ ደምለው በር ከፈቱ፣ እርስዎ ደበቁ።»

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ አፍ የኋላ ኋላ ኩርኩም ያስበላል፤ ስሜነሽም ቀምሳው ታውቃለች። አያ ቢተው ግን እጃቸውን አላነሡም። ቡሬን እየነዱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከተማው ሲታይ ስሜነሽ ቀስ ብላ «ሉካንዳው አይሸሽም» አለች። «ሐኪሙ ጥንቸሌን ሲገድላት አይተው ይሳቁብኝና ይሄዳሉ።»

«ይኸስ ደስ ይለኛል» አሉ አያ ቢተው። እንዲያ ያሉት የእውነት ለመሳቅ ይሁን ከቡሬ ላለመለየት፣ እርሳቸው ያውቃሉ።

የከብት ሐኪሙ አቶ ሙላት በሩን ሊዘጉ ቁልፍ ይዘው ሳለ ሁለቱ ደረሱ። ሐኪሙ ጥንቸሏን ሲያዩ አልሳቁም። እጃቸውን ታጥበው ባዘቶን በፎጣ ጠቀለሏትና ከሁሉ አስቀድመው አፏን ከፈቱ።

«ምን ነበር የምታበያት?»

«የሚገባትን ነዋ! ፍትፍት፣ ቂጣ በወተት። እኔ ሳልበላ እንኳ ለእሷ...»

«አየሽ፣ የጥንቸል ጥርስ እንደ ጥፍር ነው፤ ሁልጊዜ ያድጋል። ሣርና ጭራሮ ስትግጥበት ይሞረዳል። በፍትፍት አደገና ተጣመመ፤ አፏን ዘጋባት። ልጄ፣ በፍቅርሽ ነው ያስራብሻት።»

ያች ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ መሬት መሬት አየች። ለሽማግሌ ምክር ሲተርፋት፣ ለካ እሷም ሳትጠይቅ የምታደርገው ነበራት። አቶ ሙላት የረዘመውን ጥርስ በትንሽ መቁረጫ ቀጭ አድርገው ሞረዱና ደጅ ካለው ሣር ሰጧት። ባዘቶ አሸተተች፤ ጢሟ ተንቀጠቀጠ፤ ጀመረች፤ ግጥጥ፣ ግጥጥ።

ስሜነሽ አለቀሰች። አያ ቢተው ግን ጥንቸሏን ትተው በሬያቸውን ያዩ ነበር።

«ጌታዬ» አሉ ቆብ አውልቀው። «እኔ የዚህን በሬ ጉንጭ ሁለት ጊዜ ተኩሻለሁ። አፉን ግን አንድ ቀንም አልከፈትሁም።»

አቶ ሙላት ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቡሬ በገመድ ተጠፍሮ፣ መንጋጋው መሐል እንጨት ተደርጎ ተከፈተ። ሐኪሙ የላስቲክ ጓንት እያጠለቁ፣ «የታመመ ከብት አፍ በባዶ እጅ አይገባም፤ የእሱ ደዌ ለእርስዎ ይተርፋል» ብለው ክንዳቸውን ሰደዱ። ሲያወጡት የአጥንት ስባሪ ይዘው ነበር። ጨው ያማረው ከብት አጥንት ያኝካልና፣ በመንጋጋዎቹ መካከል ላንቃው ላይ ተሰንቅሮ ኖሯል።

«ስንት ከብት አለህ ብለው አይጠይቁኝም?» አሉ አያ ቢተው በመጨረሻ።

«እኔ የምጠይቅዎ የታመመውን ነው። የዳነውን እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ።»

ሲመለሱ አገልግሉን የያዙት አያ ቢተው ነበሩ። ቡሬ ከፊት እየሄደ በየመንገዱ ዳር ሣር ይነጫል፤ የቸኮለም አልነበረም። አንድ መንገደኛ «ስንቅ ነው? ያካፍሉና!» ቢላቸው፣ «በሽተኛ ነው የያዝሁ፣ ዞር በል» አሉት።

በሰኔ ቡሬ ቀንበሩን ተሸክሞ አረሰ። በዚያው ወር ከታቢዎቹ ሲመጡ አያ ቢተው ከብታቸውን ከሁሉ ቀድመው አወጡ፤ ያመነታውንም ጎረቤት «በእኔ የደረሰው ይበቃል፤ ስለትህን ተሳል፣ በርህንም ክፈት» እያሉ ከየቤቱ ጠሩት። በዚያ ዓመት ሌላው መንደር የሞተ ከብት ቆዳ ሲገፍ የእነሱ ሰው ወተት ናጠ፣ ልጁም አጓት ጠገበ፤ አራሽም በሬ ሊለምን ደጅ አልጠናም። ብረትስ ምን በደለ? ማረሻም ብረት ነው። ክፋቱ ሳይመረምሩ ማጋሉ ነው።

አያ ቢተው መተኮሻቸውን ቀጥቃጭ ዘንድ ወስደው ማጭድ አስመቱት። ለቡሬ ሣር ባጨዱ ቁጥር አንድ እፍኝ በአጥር በላይ ወደ እነስሜነሽ ግቢ ይወረውራሉ።

«ለርኩሷ ነው!» ይላሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ቢተው! ጥርሷ እኮ ዛሬም አላረፈም፤ የሒሳብ ደብተሬን ጠርዝ በላችው።»

«ተያት» አሉ ከአጥሩ ማዶ። «ከእኔ ቀድማ ትማር።»