የፎቶ ቤቱ ኮት

ሰበታ ያለችውን ፎቶ ቤቴን የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ ኮት ለሌለው ደንበኛ የምናለብሰው ጥቁር ኮትም አብሮ ነው የመጣልኝ። ባለፈው ታዲያ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሰውዬ ከተጂ ድረስ መጥተው አንድ ጉርድ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉና፣ “ልጄን ላግባ የሚለው ይሄ ነው። ኮቱ የራሱ ነው የአንተ?” አይሉኝም! ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጋራዥ ነው የሚሠራው፣ ኮት የሚባል ነገር የለውም። እውነቱን ብናገር ትዳር ላፈርስ ነው፤ እንዳልዋሽ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። “የቤቱ ነው፣ ኦቦ። ሁሉም እሱን ነው የሚለብሰው” አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

“እስቲ አምጣው!” አሉ። አውርጄ ሰጠኋቸው። እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተው ሲዳብሱ ቆዩና ጣታቸው በገበሩ ቀዳዳ ብቅ አለ። “ይቺን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ! አባትህ ድንገት ሲገባብኝ ሲጋራዬን እዚህ ደብቄ!” ብለው በሳቅ ፈረሱ። “ለልጄ እናት ፎቶ የላክሁላት ይህንኑ ለብሼ ነው። በል ለልጁ ንገረው፣ ሽማግሌ ይላክ።” በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ “ሚስቴ ከመጣች ግን ኮቱን ደብቅልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‘ያ ኮትህ የት ገባ?’ እንዳለችኝ ነው!”